ወፏ ያባታችን ናት

«ወፏ ያባታችን ናት። ከሚሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ድንጋይ እንኳ የለም።»

ዓዲላ ይህን የሰማችው ከጓዳ ሆና፣ ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበውን ብርጭቆ እያለቀለቀች ነው። ተናጋሪው የባሏ ታላቅ ወንድም ሲራጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው መቀመጫ ሳይዙ፣ ዱዓ ሳይደረግ፣ ማንም ምን ትላለህ ሳይለው ነገሩን ጀምሮ ጨርሶት ቁጭ አለ። እሷም ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ባሏ በድሩ ከሞተ ወዲህ ዒዳዋን፣ መበለት ቤት የምትቀመጥበትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ጨርሳ ከቤት መውጣት የጀመረችው በዚህ ሳምንት ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አማቷም ሆኑ ሲራጅ ስለ ንብረት ትንፍሽ አላሉም። ደግ ሰዎች ናቸው ብላ ስትመርቃቸው ከርማለች። ለካ ሲራጅ የሚጠብቀው ዒዳው እስኪያልቅ ኖሯል።

ወፏ የሚሏት ወፍ አይደለችም፤ የድምፅ ማጉያ ናት። ከአልጋው ራስጌ፣ ዓዲላ ራሷ የጠለፈችውን ጨርቅ ለብሳ፣ ከሁለት ስፒከሮቿና ከአንድ ማይክሮፎኗ ጋር የምትቀመጥ ከባድ ማሽን ናት። በከሚሴና በዙሪያዋ፣ ከጨፋ ሮቢት ጀምሮ እስከ ባቲ መንገድ ድረስ፣ ሰርግ ያለበት ሰው «ማጉያ ተከራየሁ» አይልም፤ «ወፏን ያዝኩ» ነው የሚለው። ማጉያ የሚያከራዩ ሌሎች ሁለት ቤቶች ከተማዋ ውስጥ አሉ፤ በግማሽ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ሰው ግን ወደነሱ የሚሄደው ወፏ ተይዛ ሲያጣት ብቻ ነው፤ ያውም እያጉረመረመ። የቤት ኪራዩም፣ የልጇ የኢማን ዩኒፎርምና ደብተርም፣ የአማቷ የዓይን ጠብታም የሚወጣው ከወፏ ነው። በድሩ ሲሞት ለሚስቱና ለልጁ የቀረ ነገር ቢኖር ይቺው ነበረች፤ እሷ ከወጣች ዓዲላ እንጀራ እየሸጠች ልጅ ልታሳድግ ነው፤ በከሚሴ ደግሞ ከገዢው ሻጩ ይበዛል።

የማጉያዋ ነገር የሚጀምረው ከበድሩ አባት ከአባ ዩሱፍ ነው። አባ ዩሱፍ በደርግ ጊዜ ከአሰብ ሾፌሮች እጅ አንዲት ማጉያ ገዙ። ግንባሯ ላይ ክንፏን የዘረጋች የነሐስ ወፍ ነበረች፤ ከወፏ እግር ስር የፋብሪካው ስም በእጅ እንደተጻፈ ሆኖ ጋደል ብሎ ተኝቷል። እንግሊዝኛ የቆጠሩት «ቬልማራ» ይላል አሉ፤ ሌላው ሰው ፊደሉን ትቶ ወፏን አየ፣ ወፏንም ጠራ። ፋብሪካው ግን እንደ ከሚሴ ሰው በአንድ ነገር የሚጸና አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመጡት ማጉያዎች ላይ ወፏ አንሳ አንዲት ክብ ውስጥ ገባች። ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ እንዲህ ያለችውን ያየ ሰው «ወፏን አስረዋታል» እያለ ሲያወራ ከረመ። ቆይቶ ጭራሽ ጠፋች፤ ቀጥ ብለው የቆሙ የብር ቀለም ፊደላት ብቻ ቀሩ። አሁን አሁን ደግሞ ፊደላቱም ፕላስቲክ ላይ የተቀቡ ሆነዋል፤ በጥፍር ይነሳሉ። ፋብሪካው ይህን ለምን እንዳደረገ ከሚሴ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ የማያውቁትን ነገር መተው ደግሞ የከሚሴ ሰው አመል አይደለም። ጫት ላይ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ የተስማሙት «ፈረንጁ ወፏን ያነሳት ድምፁን ስላቀጠነው አፍሮ ነው» በሚለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፍ የሌላት ማጉያ ምን ብትጮህ ድምፅ የላትም። ለዒድ መስጊድ ስትወሰድ እንኳ፣ ሕይወት ያለው ነገር ምስል እዚያ አይገባምና ወፏ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍባታል፤ ሰዉ ግን ከፕላስተሩ ስር መኖሯን ስለሚያውቅ ልቡ ያርፋል።

ዓዲላ ብርጭቆውን በሰሃን ደርድራ ገባች። ሁለት ናቸው ሽማግሌዎቹ። ሸህ ሙሐመድዘይን የከተማውን ውርስ ሲያካፍሉ የኖሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ሙኽታር የማሽላ ነጋዴ ጎረቤታቸው ነው፤ በዚያው ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ስግደት፣ በኋላ ወንድ ልጁን ይድራል። ወፏንም ከወር በፊት የያዛት እሱ ነው። ሽምግልናው በማለዳ የሆነው በሱ ምክንያት ነበር፤ ማጉያዋን ከማን እጅ እንደሚረከብ ሳያውቅ ሰርግ ማድረግ አልፈለገም። አማቷ ፋጡሜ መደቡ ጥግ ላይ ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲራጅ ጅዳ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ፣ አስፋልቱ ዳር ብርድ ልብስና ቴፕ የሚሸጥ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። በድሩ ሲታመም ደሴ ሆስፒታል ይዞት የተመላለሰው እሱ ነበር። አባቱ ሲሞቱ አገር ውስጥ አልነበረም፤ ሲመለስ የአባቱን ወፍ ከወንድሙ ቤት አገኛት፤ አመነም። ዛሬም የሚናገረው ያመነውን ነው።

«ሸህ፣ እኔ የሰው አልፈልግም» አለ ሲራጅ። «ያባታችን ከሆነች ግማሹ የኔ ነው። የበድሩ ግማሽ ለእማ፣ ለኢማንና ለሷ እንደ ሸሪዓው ይከፈል። የኢማንን እኔ አጎቷ እይዝላታለሁ። ማጉያዋ ሱቄ ትቀመጥና ኪራዩን እንካፈላለን።»

ዓዲላ በልቧ አሰላችው። ከግማሹ ላይ አንድ ስምንተኛ። ማጉያዋን በመጋዝ ቢከፍሏት ለሷ የሚደርሳት አንዲት ቁልፍ ናት፤ እሷም የድምፅ መቀነሻዋ። ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ ደረቷ ላይ ሲደርስ ወደ ለቅሶ ዞረ።

እውነቱ ሌላ ነው። የአባ ዩሱፍ ማጉያ ከሞተች ቆየች። እሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ ጠፍቶ የሰነበተው መብራት በኃይል ሲመለስ ውስጧ ተቃጠለ፤ ሽታው ከመጋረጃው ሳይለቅ ሰነበተ። ኮምቦልቻም ደሴም ወሰዷት፤ አይቶ፣ ለሬሳ እንደሚባለው፣ «ኢና ሊላህ» ያላለ ጠጋኝ የለም። ዓዲላ ያን ጊዜ ከተዳረች ሦስት ዓመቷ ነበር። ጨፋ ያሉት አባቷ በሰርጓ ቀን አንዲት ጊደር ሰጥተዋት ነበር፤ ጊደሯ አድጋ ወልዳ ዳለቻ ተብላ፣ ቅቤዋ ለአካባቢው የሚበቃ ላም ወጥቷታል። ባልና ሚስት ሲመክሩ ሰንብተው ዳለቻን ከነጥጃዋ ወደ ባቲ ነዷት። ሰኞ ነበር፤ ገበያው ከግመል አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ሰው ከሰው አይለይም። አንድ የደጋ ገበሬ ጥርሷን አይቶ፣ ጡቷን ዳብሶ፣ ሲያረክስ ቆይቶ ገዛት። ስትነዳ ዞር እያለች አየቻቸው፤ ዓዲላም እንዳታያት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። በዚያው ቀን በዚያው ብር ከአንድ የኮንትሮባንድ መጋዘን ማጉያ ገዙ፤ ያቺን ቀጥ ያሉ የብር ፊደላት ያሉባትን፣ ወፍ የሌላትን። በጭነት መኪና ሲመለሱ በድሩ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ታቅፏት መጣ።

ከሚሴ ግን አልተቀበለቻትም። የመጀመሪያው ሰርገኛ ጨርቁን ገልጦ «የታለች ወፏ?» አለና መልሶ ሸፈናት። ሁለተኛው ቀብድ መልስልኝ አለ። በድሩ ድምፁን ስሙት እያለ እስከ መንገድ አሰማ፤ የአላፊ አግዳሚው መልስ «ቀጭን ነው» ሆነ። ክረምቱ ሁሉ እንዲሁ አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለነሱ ሆነ፤ ላሟ ደጋ፣ ማጉያዋ ጓዳ። ጾመኛ ሳይሆኑ የሚጾሙበት ቀን መጣ። ታዲያ አንድ ጁምዓ በድሩ ከስግደት ተመልሶ በሩን ዘጋና ያቺን የተቃጠለች ማጉያ ከአልጋ ስር ጎትቶ አወጣ። ዓዲላ ቢላ ከሰል ላይ አጋለችለት፤ እሱ የነሐሷን ወፍ ከነጋደሉት ፊደላቷ ነቀላት። ከአዲሷ ላይ ደግሞ የብር ቀለም ፊደላቱን አንድ ባንድ አነሳና ወፏን በሙጫ አጣብቆ በእጁ ተጭኖ ቆየ። ያን ጊዜ ፋጡሜ ዛሬ ካሉበት መደብ ላይ፣ እነዚያኑ ጨሌዎች እየቆጠሩ፣ «ቀኝ ክንፏ ዘመመ፤ አቃናው» አሉት። በድሩ አቃናት። ሦስቱም ሳቁ፤ በቤቱ ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበር። የተቃጠለችው ለቁራሌው ተሸጠች፤ በድሩም «ያባቴ ማጉያ ደሴ ታክማ ዳነች» ብሎ ወሬውን አስፋልት ላይ ለቀቀው። በሳምንቱ ሰርግ ላይ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ «ይኸው፣ ድምፅ ማለት ይሄ ነው» አለ። ያቺው ትናንት ቀጭን የነበረችው ናት።

«ሸህ፣ ማጉያዋ የኔ ናት» አለች ዓዲላ። «በላሜ የተገዛች ናት። ያባ ዩሱፍ ተቃጥላለች።»

ሲራጅ ፈገግ አለ፤ በሐዘንተኛ ላይ እንደሚፈገግ። «ወፏስ?»

«ወፏ ያባ ዩሱፍ ናት። ማሽኗ ግን የኔ ናት።»

ሸሁ ግራ ገብቷቸው ሙኽታርን አዩት፤ ሙኽታር ጣሪያውን አየ። ዓዲላም የሆነውን ሁሉ ከባቲ ሰኞ ጀምራ ተናገረች፤ ቢላውን ያጋለችው እሷ መሆኗንም አልደበቀችም። እየተናገረች ሳለ በድሩን ምን እያደረገችው እንደሆነ ጆሮዋ ነገራት። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ልጁን የዳረበት፣ መንዙማውን የሰማበት ሰው፣ ቀብሩ ላይ «አማና ጠባቂ፣ አደራ የማይበላ ነበር» ተብሎ የተመሰከረለት ሰው፣ በገዛ ሚስቱ አፍ አታላይ እየሆነ ነው። ቢሆንም ኢማንን አስባ ጨረሰችው። ከውጭ የሚያልፍ የአይሱዙ ድምፅ ብርጭቆዎቹን አንቀጫቀጫቸው።

«ወንድሜን የቀበርሽው ዛሬ ነው» አለ ሲራጅ፣ ፊቱ ጠቁሮ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ ነበር። አንቺ ስሙንም አብረሽ አፈር አለበስሽው። ለብረት ብለሽ!»

«ለልጁ ብዬ ነው፣ አያ ሲራጅ።»

«አብሽሩ፣ አብሽሩ» አሉ ሸሁ። «ሟችን በክፉ ማንሳት አይገባም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አልዋሸሽም ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። ግን የተናገረ ምስክር ያቀርባል። ምስክር አለሽ ልጄ?»

ዓዲላ ወደ መደቡ ጥግ ዞረች። ለመጥራት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ሁሉም ዞሩ። ፋጡሜ ሙስበሃውን መቁጠር አቁመው ነበር። በድሩ ከሞተ ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አንድ ትሪ ላይ በልተዋል፤ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል፤ ዓዲላ ማታ ማታ የዓይን ጠብታውን ስታደርግላቸው አገጫቸውን ይዛ ነው። አሁንም ያ አገጭ ወደ ላይ ቀና ብሎ ያን «ዘመመ፤ አቃናው» ያለውን ቃል እስኪያወጣ ጠበቀች። ጥቂት ነው የፈለገችው፤ «አዎ» ቢሏት ይበቃት ነበር።

«ዓይኔ ያን ጊዜም ደክሞ ነበር» አሉ ፋጡሜ። «እኔ ምን አይቼ።» ሙስበሃውንም መቁጠር ቀጠሉ።

ዓዲላ ይህን ያህል በአንድ ሰው ላይ ተናድዳ አታውቅም። ሲራጅ «ቁርዓን ይምጣና ልማል» አለ። ይምላል፤ አምኖ ይምላል፤ አምኖ የማለ ሰው ደግሞ ኃጢአት የለበትም፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ሸሁ ወደ መደርደሪያው እጃቸውን ሲዘረጉ እሷ ጓዳ ገብታ የሽንኩርት ቢላዋን ይዛ ወጣች። ሙኽታር «ያ ረብ!» ብሎ ብድግ አለ። እሷ ግን ሰውም አላየች። ከአልጋው ራስጌ ማጉያዋን ብቻዋን አቅፋ አምጥታ ሸሁ እግር ስር አስቀመጠቻት፤ የጠለፈችውን ጨርቅ ገፈፈች፤ ተንበርክካ ቢላውን ከወፏ ክንፍ ስር ሰደደችው። የበድሩ ሙጫ ጠንካራ ነበር። ሰው የሌለበት ይመስል እያለቀሰች፣ እየፈለፈለች፣ አንድ ጣቷን ቆርጣ፣ ወፏን ነቀለቻት።

ከስሯ የወጣው ግልጽ ነበር። ማጉያዋ በዓመታት አቧራና ጢስ ወይባለች፤ ከወፏ ስር ያለው ግን አልተነካም፤ በዚያ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ የፊደላት ጥላ፣ ሙጫቸው እንደደረቀ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል። ጋደል ያለ አንድም የለም። ሙኽታር መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፤ በጣቱም ተከተላቸው። ይህን ዓይነት ፊደል ደሴ ሱቅ ውስጥ እንዳየ፣ አባ ዩሱፍ ከሞቱ በኋላ የመጣ እንደሆነ ተናገረ። ሸህ ሙሐመድዘይን «ሱብሓነላህ» አሉና ቁርዓኑን ሳይገልጡ ወደ ቦታው መለሱት።

ሲራጅ ቁጭ አለ። እጁ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። «ከጅዳ የመጣሁ ቀን ስሜያታለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «እዚህ በር ላይ ቆሜ፣ አባቴን ያገኘሁ መስሎኝ፣ ስሜያታለሁ። በድሩ ቆሞ ያየኝ ነበር።» ዓዲላ አሳዘናት። ያን ቀን እሷም በድሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ባሏ አፉን ከፍቶ መልሶ ሲዘጋው አይታለች።

ሸሁ ፈረዱ። ማጉያዋ ከላሟ የመጣች ናትና የዓዲላ ብቻ ናት፤ ውርስም አይነካትም። ወፏ ግን የአባ ዩሱፍ ስለሆነች የወራሾች ናት። ይህን ሲሉ ራሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ከመዳፍ የማትበልጥ ነሐስ ለስንት ትከፈላለች? «አያ ሲራጅ ይውሰዳት» አለች ዓዲላ። ደስታ አፏን ከፍቶት ነበር። «የኔንም የኢማንንም ድርሻ ለሱ ብያለሁ። ያባቱ ናት፤ ይውሰዳት።» ሸሁ መረቋት። ሲራጅ ወፏን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ እጁን ለማንም ሳይዘረጋ ወጣ። ሙኽታርም በሩ ላይ ዞር ብሎ «እንግዲያው ከዙህር በኋላ ይዘሻት ነይ፤ እንግዶቹ ከባቲ ሳይደርሱ ትሰቀል» አላት።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ዓዲላ ጣቷን በጨርቅ አሰረች፤ የተፈለፈለውን ሙጫ በጋዝ ጠረገች፤ ስፒከሮቹን አወረደች። ቤቱ ውስጥ የሙስበሃው ድምፅ ብቻ ነበር። ምነው ባያወሩ ብላ እየተመኘች ነው ፋጡሜ የተናገሩት።

«ሁለት ወለድኩ፤ አንዱን ቀበርኩ» አሉ። «የቀረውን ላስቀይመው ነበር እንዴ? ነገ የሚቀብረኝ እሱ ነው።»

«እኔስ፣ እማ? ዓይንሽን ማን ነው የሚያይልሽ?»

«ዲሲ፣ ተይው በቃ» አሉ ፋጡሜ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «አገኘሽ አይደል።»

ማግኘቷን አገኘች። በዚህ ተጽናናች፤ እንዲያውም ወደ ቀትሩ ላይ ደስታው እየጠነከረ መጣ። ከዛሬ ጀምሮ የሚፈራ ነገር የለም፤ በድሩን እስኪሞት ያስጨነቀው ያ ምስጢር ወጥቷል፤ ሰማይም አልተደፋም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሏል ብላ ራሷን አሞገሰች። ሻርፕ ቀየረች። ማሽኗን እንደ ልጅ አጥባ፣ ሽቦዋን ጠቅልላ፣ ጋሪ አስጠርታ ጫነቻት። ፋጡሜን ምሳ አብልታ ነው የወጣችው፤ ሳታናግራቸው።

የሙኽታር ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። በሬ ታርዷል፤ ልጆች ቆዳው ዙሪያ ከበዋል፤ ወጣቶች የውሃ በርሜል ያንከባልላሉ። ዓዲላ ጋሪውን ድንኳኑ አፍ ላይ አስቁማ ልትወርድ ስትል ከውስጥ ማይክሮፎን «አንድ፣ ሁለት» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከኋላው ፉጨት ይከተለዋል። ጎንበስ ብላ አየች። ከጠረጴዛው ላይ ጥቁር፣ ቀላል፣ ከሲራጅ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትጠጣ የከረመች ማጉያ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ የነሐሷ ወፍ ክንፏን ዘርግታለች። በደንብ ታሽታለች፤ ታበራለች። ሲራጅ ከኋላዋ ሆኖ ሽቦ ያስተካክላል፤ ዓዲላን ሲያያት ቀና አላለም።

ሙኽታር እጁን በፎጣ እየጠረገ ወጣና ጋሪው ዘንድ ደረሰ። ዓይኗን ሊያይ አልደፈረም። «አብሽሪ ዓዲላ» አለ። «ሲራጅ ዙህር ሳይሰገድ መጣ። በነጻ ነው ያለኝ፣ ለጉርብትና።»

«ዛሬ ጠዋት እኔ ቤት አልነበርክም? በጣትህ አልነካኸውም?»

«ነካሁ እንጂ። እኔማ በዓይኔ አየሁ፤ ወላሂ ያንቺዋ እንደምትሻል አላጣሁትም። ግን ሰዎቹ ከባቲ መጥተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ወፏን ነው። ሙኽታር ልጁን ያለወፏ ዳረ ሊባል ነው? ለያንዳንዱ እንግዳ ስለ ሙጫና ስለ ቢላ ሳስረዳ ልዋል?»

«ድምፁን አይሰሙም?»

«ኧረ በነቢ፣ በሰርግ ላይ ድምፅ ማን ያዳምጣል?» አለ ሙኽታር፤ ከልቡ ነው ያለው። ቀጠል አድርጎም «ግቢ፣ ቅመሺ» አላት። «እንዳትቀየሚኝ።»

ዓዲላ አልገባችም። ለምን እንዳልተሳደበች ራሷም አልገባትም። ያን ጊዜ ነው ጠዋት ምን እንደሰጠች የታያት። ላሟን ከፍላ የገዛችውን ይዛ ቀረች፤ እንጀራዋን ግን በገዛ እጇ ነቅላ፣ መርቃ፣ ሲራጅ ጠቅልሎ ሲወስደው ቆማ አየች። ከእንግዲህ ይቺ ማጉያ ከሁለቱ ቤቶችና ከሲራጅ ቀጥላ አራተኛዋ፣ ስም የሌላት፣ ምናልባትም «ያ በድሩ ያታለለባት» የምትባል ማሽን ናት። በድሩ ይህችን ከተማ ከሷ ይበልጥ ያውቃት ነበር። በሲራጅ ላይ አይደለም፤ በፋጡሜም ላይ አይደለም፤ የተናደደችው ጠዋት ደስ ባላት በራሷ ላይ ነው።

ጋሪው ሲዞር ከድንኳኑ ጥግ በርጩማ ላይ የተቀመጡ እማ ሀዲጃ የሚባሉ የሰፈሩ አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። እሳቸው የጠዋቱን አልሰሙም። ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው መንዙማ ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ እየተሰነጠቀ፣ እየተፏጨ ይወጣል፤ ሰዉ ግን ያጨበጭባል፤ «ወፏ! ወፏ!» የሚልም አለ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ።

«ስሚያት እስቲ፣ ዓዲላ» አሉ። «ልጄን ዓፊያን የዳርኳት በሷ ነው እኮ። ያን ጊዜም እንዲህ ነበረች። ድምጿ ትንሽ እንኳ አልተለወጠም፣ አይደል?»

ዓፊያ የተዳረች ቀን ዓዲላ ታስታውሳለች፤ ሽቦውን የሰካችው ራሷ ናት፤ ያን ቀን ያዜመችው ማጉያ አሁን እዚህ ጋሪ ላይ፣ ጉልበቷ ስር ናት። እጇን ሰደድ አድርጋ ጨርቁን ወደ ፊት ጎተተችና የፊደላቱን ጥላ ሸፈነችው።

«አልተለወጠም፣ እማ ሀዲጃ» አለች። «እሷው ናት።»

ጋሪ ነጂውንም ንዳው አለችው።